ወደ ኋላ ሲመለሱ የሚጠፉ ልጆች

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ኃላፊዋ ድረስ «ለጊዜው» ነው የሚሉት፤ የሚያከብሩት ደግሞ «ጋሽ ለጊዜው» ይሉታል። ስሙን ያወጣችለት የመስኮት ሠራተኛዋ ናት። ባለጉዳይ «ፎርሙ አልሠራ አለኝ» ብሎ በመጣ ቁጥር ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለከች ትወጣና ትነግረዋለች፤ እሱም መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት ያደርግና «ለጊዜው እንዲህ አድርገው ይሙሉ በያቸው» ብሎ አንድ ማምለጫ ይነግራታል። ማምለጫው ሲበዛ እሷ መስኮቷ ላይ በወረቀት እየጻፈች መለጠፍ ጀመረች። አሁን መስኮቱ ከወረቀቱ ብዛት የተነሳ ፊቷን ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል።

ሰውዬው ፕሮግራመር ነው፤ ዕድሜው አርባ ዘጠኝ። ሥራህ ምንድን ነው ሲባል «ኮምፒውተር ላይ ነኝ» ብሎ ያልፋል፤ ዝርዝሩን ማስረዳት ያደክመዋል። ምን የማያደክመው ነገር አለ? ጠዋት ደረጃው ያደክመዋል፣ ቀን ወንበሩ ያደክመዋል፣ ወደ ማታ ስክሪኑ ዓይኑን ያቃጥለዋል። ሐኪም ዘንድ ሄዶ ከእግር እስከ ራሱ ተመርምሮ «ምንም የለብህም» ተብሏል፤ ወረፋው አደከመው እንጂ ሌላ ያተረፈው ነገር የለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ፎርም ሲጠግን የኖረ ሰው ድካም በምን መሣሪያ ይገኛል?

መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ ልጆችን ለትምህርት ቤት ይደለድላል። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ኢንተርኔት ላይ ገብቶ አምስት ገጽ ይሞላል። አንደኛው ስለ አሳዳጊው፣ ሁለተኛው ስለ ልጆቹ፣ ሦስተኛው ስለ እያንዳንዱ ልጅ ጤና፣ አራተኛው ልጁን ከትምህርት ቤት ስለሚያመጣው ሰው ይጠይቃል፤ አምስተኛው ማረጋገጫ ነው። በአንድ ፎርም የተሞሉ ልጆች እንደ አንድ ቤተሰብ ይቆጠሩና አንድ ላይ፣ ለቤታቸው በሚቀርበው ትምህርት ቤት ይመደባሉ። ለብቻው የተሞላ ልጅ ግን ወንበር በተገኘበት ይወድቃል።

ሲሰሙት ቀላል ነው። መከራው ከገጽ ወደ ገጽ ሲታለፍ ነው። ኢንተርኔት ዝንጉ ነው፤ ሁለተኛውን ገጽ ሲከፍቱ አንደኛው ላይ ምን እንደጻፉ አያስታውስም፣ የሚያስታውስለት ፕሮግራመር ከሌለ በቀር። መታወስ ያለበትም እንደ ገበያ ዝርዝር አንድ በአንድ የተደረደረ ነገር አይደለም፤ ሣጥን ውስጥ ያለ ሣጥን ነው። በአሳዳጊዋ ሥር ሦስት ልጆች አሉ። ከልጆቹ በአንዷ ሥር ሁለት ሕመም አለ። ከሕመሙ በአንዱ ሥር ሦስት መድኃኒት አለ። ከመድኃኒቱ በአንዱ ሥር ደግሞ «በስንት ሰዓቱ ይወሰዳል» የሚል አለ። ይህ ሁሉ የማን የማን እንደሆነ ሳይምታታ አምስቱን ገጽ መሻገር አለበት። ትልቁ ሣጥን ከጠፋ ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ ልጅ ስትጠፋ አስሟም መድኃኒቷም አብረዋት ይጠፋሉ።

ጋሽ ለጊዜው ፎርሙን የሠራው የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው። ያኔ የሰዉ ስልክ ደካማ፣ ሰርቨሩም አሮጌ ነበርና፣ ልጅ የበዛለት ሰው ሲሞላ ከገጽ ገጽ የሚጓዘው ጭነት እየበዛ መንገድ ላይ ይቆረጥ ነበር። የዚያን ጊዜው አለቃ «አሳጥረው» አሉት። እሱም ምን እንደሚደጋገም ተመለከተ። የአባት ስም! የአንድ ቤት ልጆች የአባታቸው ስም አንድ ነው፤ ስድስት ልጅ ቢኖር ስድስት ጊዜ መሸከም ምን ይሉታል? ስለዚህ የመጀመሪያውን ልጅ የአባት ስም አንድ ጊዜ ብቻ አስጓዘና ልጆቹን ሁሉ በዚያ ስም አሰራቸው። ወደ ፊት ሲኬድ አንዱ ገጽ ለሚቀጥለው ስለሚያቀብል ምንም ችግር አልነበረም። «ተመለስ» የሚለው ቁልፍ ሲጫን ግን ፕሮግራሙ ያንን አንድ የአባት ስም ይዞ፣ በስሙ የታሰሩትን ልጆች ብቻ ፈልጎ መልሶ ያወጣል። ሲፈትሹት ማንም ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ ፈታሾች አይሳሳቱም። አለቃው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። እሱም የዚያን ቀን ደረቱን ነፍቶ ነው ቤቱ የገባው።

ረቡዕ ዕለት፣ ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የመስኮት ሠራተኛዋ እንደ ልማዷ እያለከለከች ወጣች። ከኋላዋ ግን አንዲት ሴት አስከትላለች። ባለጉዳይ ሦስተኛ ፎቅ መውጣት ክልክል ነው፤ ክልከላውን የምታስፈጽመው ደግሞ ራሷ የመስኮት ሠራተኛዋ ናት።

«ዛሬ ለጊዜው እንዳትለኝ» አለችው ገና ከበሩ። «ይቺ እህታችን ሥራዋን ጥላ ስትመላለስ ሦስተኛ ቀኗ ነው። እኔ ማስረዳት አቅቶኛል። አንተው አስረዳት።»

ሴትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። የመለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ፣ ቀሚሷ ላይ የክር ቁርጥራጭ እንደተጣበቀ ነው የመጣችው። ተቀመጪ ስትባል የወንበሩን ጫፍ ብቻ ያዘች።

«ስንት ልጆች አሉሽ?» አላት።

«ሦስት። ሁለቱን ወልጃለሁ፤ ትንሿ የእህቴ ልጅ ናት። እህቴ ካረፈች አራት ዓመቷ።»

«እና ምን አስቸገረሽ?»

«ሦስቱንም እሞላለሁ፣ ጋሼ። ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ ሕመማቸውን፣ ምኑንም ሳላስቀር። አራተኛው ላይ ስደርስ ‹የአሳዳጊነት ማስረጃ ቁጥር ይጎድላል፣ ወደ ገጽ ሁለት ይመለሱ› ይለኛል። እመለሳለሁ። ስመለስ ያሉኝ ልጆች ሁለት ናቸው።»

«እኔ እኮ መስኮቱ ላይ ለጥፌዋለሁ» አለች የመስኮት ሠራተኛዋ። «‹ሲሞሉ ወደ ኋላ አይመለሱ› ብዬ። ግን ፎርሙ ራሱ ተመለሱ ሲላቸው ምን ያድርጉ?»

ያንን ወረቀት ጋሽ ለጊዜው በየቀኑ ሲገባ ያየዋል። ለምን እንደተለጠፈ አንድም ቀን አልጠየቀም። የማስረጃ ቁጥር መጻፊያውን ሣጥንም የዛሬ ሦስት ዓመት የጨመረው እሱ ነው፤ ከበላይ «ይጨመር» ሲባል በግማሽ ቀን ሠርቶ ገላገላቸው። ሣጥኑ የሚታየው ደግሞ ፎርሙ ‹ይጎድላል› ብሎ ወደ ኋላ ሲመልሳቸው ብቻ ነው። የራሱን ያልሆነ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ ሳይመለስ አይጨርስም ማለት ነው። ሌላው ሰው ቢመለስም ባይመለስም አይጎዳም፤ የሚመለሰውም የሚጎዳውም ያው አንድ ዓይነት ሰው ነው። ይህ እጅ እግር የሌለው ነገር በእሱ እጅ መሠራቱ ያን ጊዜ ነው የገባው።

ወንበሩን ለቀቀላትና በእሱ ኮምፒውተር እንድትሞላ አደረገ። ጨርቅ ላይ እንደ ልብ የሚሮጡ ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ሲደርሱ አንድ አንድ ፊደል እየለቀሙ ሄዱ። ትልቋ፣ አሥራ አንድ። ወንዱ፣ ዘጠኝ። ትንሿ፣ ሰባት፤ አስም፤ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፤ ትንፋሽ ሲያጥራት። አራተኛው ገጽ ላይ ደረሰች። ተመለሺ አላት። ተመለሰች። ትንሿ የለችም። አስሟም፣ መድኃኒቷም ድራሻቸው ጠፍቷል።

«አየህ!» አለች የመስኮት ሠራተኛዋ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችው ድል ነበር፤ ግን የልብስ ሰፊዋን ፊት ስታይ ደስታዋ አፏ ላይ ቀረ።

«መልሼ ብጽፋትም ያው ነው፤ አቀያይሬም ሞክሬ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ ስክሪኑን እያየች። «እሷን መጀመሪያ ስጽፋት ደግሞ ሁለቱ ልጆቼ ጠፉ። በኋላማ ማሽኑም አወቀብኝ አልኩ።»

«ምኑን?»

«እንዳልወለድኳት።»

ጋሽ ለጊዜው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ሴትየዋ ግን የመጣችው ሊያዝኑላት አልነበረም፤ ቶሎ ብላ ወደ ጉዳዩ ተመለሰች። ባለፈው ሳምንት ትንሿን ለብቻ ሞልታት፣ ድልድሉ ሲወጣ ልጅቱ የከተማው ሌላኛው ጫፍ ያለ ትምህርት ቤት ደረሳት። ተለምኖ ተሰርዟል። አሁን እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ሦስቱ አንድ ላይ ካልተሞሉ ትንሿ ወንበር በተረፈበት ትሄዳለች።

«ርቀቱን እችለው ነበር» አለች። «ትንፋሿ ሲቆረጥ የምታውቅላት ትልቋ ናት። ከቦርሳዋ ታወጣላታለች፣ ትይዝላታለች፣ ጀርባዋን እያሸች ትቆጥርላታለች። አስተማሪ ሮጦ እስኪመጣ እሷ ጨርሳለች። እዚያ ማዶ ማንን ታውቅና ማን ይደርስላታል?»

«ነገ ከሰዓት ተመለሽ» ሊላት አፉን ከፈተ። በሕይወቱ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳለው እግዜር ይወቅ። የሜትሩን ጫፍ በጣቷ ስትጠቀልል፣ ስትፈታ አየና አንጀቱን በላችው።

«ስልክሽን ጻፊልኝ» አላት። «ነገ እኔ ራሴ እደውልልሻለሁ። እስከዚያ ሥራሽ ላይ ሁኚ።»

የመስኮት ሠራተኛዋ እንዳልሰማች ሆና ጣሪያውን አየች።

ሁለቱ ከወጡ በኋላ የድሮ ኮዱን ከፈተ። የራስን የድሮ ኮድ ማንበብ የራስን የድሮ ፎቶ እንደማየት ነው፤ ምን ነክቶኝ ነው ይህን የለበስኩት ያሰኛል። የአባት ስም ያሰረበት ቦታ ላይ፣ በገዛ እጁ፣ «ለጊዜው» የሚል ማስታወሻ ጽፏል። ለጊዜው ዘጠኝ ዓመት ሞላው።

ጥገናው ከባድ አልነበረም፤ የከበደውም ይኸው ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ፣ ገና ስሙ ሲጻፍ፣ የራሱ የሆነ ቁጥር ሰጠው። ቁጥሩ አባቱ ማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ አንደኛ ይጻፍ መጨረሻ አያገባውም። ሕመሙ በልጁ ቁጥር ታሰረ፣ መድኃኒቱ በሕመሙ። ጭነቱ ሁሉ ሰርቨሩ ላይ እንዲቀመጥና ከገጽ ገጽ አንዲት ካርድ ብቻ እንድትሄድ አደረገ፤ መንገደኛ ሻንጣውን አስቀምጦ ካርዷን ይዞ እንደሚዞረው። ሰርቨሩ ከተቀየረ አምስት ዓመት ሆኖታል። አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ማድረግ ይቻል ነበር። የሥራ ጊዜው አንድ ቀን ሆነ፤ ግማሹም ከጎኑ የምትቀመጠው ማስቲካ አኛኪ ባልደረባው የስልክ ወሬዋን እስክትጨርስ የጠፋ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሲፈትሽ ሰባት ልጆች ከሰባት አባት ያላት እናት ፈጠረና ወደ ፊት ወደ ኋላ አመላለሳት። ኃላፊዋ በጀርባው ስታልፍ ቆም ብላ ስክሪኑን አየች። በዕድሜ በአሥራ ስምንት ዓመት ትንሰዋለች፤ እሱን ስታዝዝ ሁልጊዜ ትንሽ ታፍራለች።

«ጋሼ፣ ይቺ ሴትዮ ፋታም አላገኘች» አለችው።

«አንድም ልጅ አልጠፋባትም ግን» አላት። ሳይስቅ ነው ያላት፤ ድካሙ ነው።

ከሰዓት ደወለ። ልብስ ሰፊዋ ከነሜትሯ መጣች። ሞላች። አራተኛው ገጽ ተመለሺ አላት። ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ተጫነችው።

«ዓይንሽን ግለጪ» አላት።

በጣቷ ስክሪኑን እየነካች ቆጠረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። ከሦስተኛዋ ሥር አስም አለ፤ ከአስሙ ሥር በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አለ፤ ከመድኃኒቱ ሥር ትንፋሽ ሲያጥራት ይላል። የማስረጃውን ቁጥር ጻፈች፣ ላከች። ድልድሉ እዚያው ወጣ፤ ሦስቱም በአንድ ትምህርት ቤት፣ ከቤቷ በእግር አሥር ደቂቃ።  ከዚያ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ በጉልበቷ ላይ አጣጠፈችው፤ ዕንባዋም መጣ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ልጆችዎን ያሳድግልዎት» አለች። ስትወጣ ከበሩ ላይ ዞር ብላ ጠየቀችው። «ግን ይኼን ያህል ዓመት ከእኔ በፊት የመጣ የለም? ያልወለደውን የሚያሳድግ እኔ ብቻ ነኝ?»

ጥያቄው ከኃላፊዋም ጆሮ ደረሰ፤ የመስኮት ሠራተኛዋ ያለችበት ቦታ ወሬ አያድርም። ኃላፊዋ መጣችና «ስንት ቤተሰብ ይሆናል የተጎዳው?» አለችው። ማወቂያው ቀላል ነው፤ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ስልክ ቁጥር፣ ሁለት ፎርም የሞሉትን መፈለግ። አሥር ሃያ ቢሆን ነው ብሎ ኮምፒውተሩን አዘዘው። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሆኖ ወጣ።

ኃላፊዋ «ኧረ በስመ አብ!» አለች። «ደብዳቤ ይላክላቸው፣ ቀኑም በአንድ ሳምንት ይራዘም» ብላ እየተቻኮለች ወጣች። እሱ ደብዳቤ የሚላክላቸውን ሰዎች ዝርዝር እያወረደ ቀረ። ቁጥር፣ ቁጥር፣ ቁጥር። የዛሬ ሁለት ዓመት የሞሉት ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። በዚህ ዘመን ማንም ሰው ስልክ ቁጥር በቃሉ አይዝም፤ እሱም በቃሉ የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው። ያ ቁጥር እዚያ ነበር። የሚስቱ ነው።

ሚስቱ ነርስ ናት። ሲያገባት የአራት ዓመት ሴት ልጅ ነበረቻት፤ የልጅቱ አባት ከዓለም ላይ ተሰውሮ፣ ስሙ ብቻ ልጅቱ ጋ ቀርቷል። ጋሽ ለጊዜው ልጅቱን በጉንፋኗ ታቅፏት አድሯል፣ ብስክሌት አስተምሯታል፣ አንድ ቀን «አባዬ» ብላ ስትጠራው ሽንት ቤት ገብቶ አልቅሷል። ከእናቷ ደግሞ ወንድ ልጅ ወለደ። አሁን እሷ አሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ወንድሟ ስምንት። ወንድሟ እዚሁ ከቤታቸው ጀርባ ይማራል። እሷ የታችኛውን ክፍል ጨርሳ ከተዛወረች ወዲህ በሁለት አውቶቡስ የሚኬድበት ትምህርት ቤት ናት፤ ሌሎቹ ሳይነቁ ነው የምትወጣው። ምዝገባውን የሞላችው ሚስቱ ናት። እሱ እዚያ ትምህርት ቤት ያስገባቻት በምክንያት ይሆናል፣ ጥሩ ትምህርት ቤት ይሆናል ብሎ ነበር። አልጠየቀም። ደክሞት ነበር።

ቤት ሲገባ ሚስቱ የልጆቹን ዩኒፎርም ትተኩሳለች። ጫማውን ሳያወልቅ ከፊቷ ቆመ።

«ልጆቹን የመዘገብሽ ጊዜ» አላት፣ «ሁለት ፎርም ነው እንዴ የሞላሽው?»

ካውያውን አቆመች። «ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ?»

«ዛሬ ነው ያወቅኩት።»

ፊቱን አየችው። ነርስ ናት፤ ሰው ሲዋሽና ሳይዋሽ መለየት ሥራዋ ነው። «አብረው አልሄድ አሉኝ» አለች። «የአባታቸው ስም ይለያያልና ‹ማስረጃ ይጎድላል፣ ተመለሺ› ይለኛል፤ ስመለስ፣ እሷን ሳስቀድም እሱ ይጠፋል፤ እሱን ሳስቀድም እሷ። አራት ጊዜ ሞከርኩ። በኋላ በአንተ ስም አድርጌ ብጽፋት ዝም ብሎ አለፈ።»

«ታዲያ እንደዚያው አትልኪውም ነበር?»

«የልደት ወረቀቷ ሌላ ይላላ። ደግሞ አንተ ሳትሰጣት እኔ ስምህን እንዴት እሰጣታለሁ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ?» ሸሚዙን ገለበጠችው። «ፎርሙን የሠራኸው አንተ ነህ። የሠራኸውም በተጋባን ዓመት ነው። አውቀህ ነው ወይ ብዬ ልጠይቅህ? አዎ ብትለኝስ ምን ላደርግ ነው?» ድምጿ አልጨመረም አልቀነሰም። «በሌላው ነገር ሁሉ አባት ሆነሃታል። ይቺን አንዷን ልለፍለት ብዬ ተውኩት።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን በሆዷ ይዛ አብራው በልታለች፣ አብራው ስቃለች፣ ይቅርም ብላዋለች፤ እሱ ይቅርታ የሚያስፈልገው ነገር እንዳለ እንኳ ሳያውቅ። ሆን ብዬ አይደለም ሊላት ፈለገ። እውነት ነው፣ ሆን ብሎ አይደለም። ግን እንዴት ነበር? የአንድ ቤት ልጆች የአባታቸው ስም አንድ ነው ብሎ ሲጽፍ፣ የአራት ዓመት ልጅ እዚያው ቤት ውስጥ ነበረች። ትዝ አላለችውም።

«ሆን ብዬ አይደለም» አላት በመጨረሻ። «ረስቻት ነው።» ቃሉ ከአፉ ሲወጣ፣ ሆን ብዬ ነው ቢል የሚሻል መሰለው።

«እሱም ይሁን» አለች። ወደ ካውያዋ ተመለሰች፤ የተኮሰችውን ሸሚዝ ደግማ ተኮሰችው።

ልጅቱ ከጓዳው ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ሄዶ ከጎኗ ተቀመጠና ቀኑ መራዘሙን፣ ፎርሙ መስተካከሉን፣ አሁን ከፈለገች ወንድሟ ትምህርት ቤት መዛወር እንደምትችል ነገራት። አንድ ጊዜ ብቻ ከደብተሯ ቀና አለች።

«አሁን? ስምንተኛ ልገባ ስል?» አለችው። «ጓደኞቼስ? አይ አባዬ፣ ተወው። ለምጄዋለሁ እኮ።»

በማግስቱ ሌሎቹ ሳይነቁ ተነሳና አብሯት ወጣ። «ምን ሆነሃል?» አለችው። «ምንም» አላት። የመጀመሪያው አውቶቡስ የሚቆምበትን ትክክለኛ ቦታ ታውቀዋለች፤ «እዚህ ጋ ሁን፣ በሩ እዚህ ነው የሚመጣው» ብላ በክርኗ ገፋ አደረገችው። መቀመጫ የለም። ብረቱን ሳትይዝ ቆማ ደብተሯን ታነባለች፤ አውቶቡሱ ሲታጠፍ እግሯ ራሱ ያውቃል። እሱ ሁለት ጊዜ ሰው ላይ ወደቀ። ከመጀመሪያው ሲወርዱ «እንሩጥ፣ ካልሮጥን ሁለተኛው ያመልጠናል» አለችውና ሮጡ፤ እሱ ጎኑን ይዞ፣ እሷ ከነቦርሳዋ ቀድማ ሄዳ ሾፌሩን «አባቴ እየመጣ ነው፣ አንዴ ይጠብቁት» እያለች። ሾፌሩ ያውቃታል። ጠበቀው።

ከደጅ እስከ ደጅ አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ፈጀ። በሩ ላይ ጉንጩን ስማው ገባች። እሱ አጥሩን ተደግፎ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየ፤ ከዚያ በመጡበት በሁለቱ አውቶቡስ ተመለሰ።

ቢሮ ሲደርስ ረፍዷል። የመስኮት ሠራተኛዋ ‹ሲሞሉ ወደ ኋላ አይመለሱ› የሚለውን ወረቀት በጥፍሯ እየፋቀች ታነሳለች፤ ሙጫው አስቸግሯታል።

«ምነው ጋሼ፣ በደህና ነው?» አለችው።

«ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ነው።»

«የት ነው እሱ ይኼን ያህል የሚያስረፍድ?»

ነገራት። ጥፍሯን ከመስኮቱ አነሳች።

«ውይ! ከእናንተ ቤት እዚያ ድረስ? የልጅ እግር ይዛ? ማን ነው ጨክኖ እዚያ የመደባት?»

«እኔ ነኝ» አላትና ደረጃውን መውጣት ጀመረ።